በጭቃም ትቀናለህ?

(ሰንዳፋ፤ ዝናብ ባደረበት ረፋድ። ሯጯ ስንዱና ባሏ አዝመራው ፍጥነትና ሶምሶማ ከሚፈራረቁበት የፋርትሌክ ልምምድ ተመልሰው፣ በኪራይ ቤታቸው ግቢ ጫማቸውን በሳፋ እያጠቡ ነው፤ እስከ ትናንት ከፊቷ እየሮጠ ፍጥነቷን የሚመራላት አሯሯጭ እሱ ነበር፤ ዛሬ ግን ኮች ቦታውን ቢያድግልኝ ለሚባል ጎረምሳ ሰጥተውታል።)

አዝመራው፦ ደውይላቸው ብያለሁ! «ከባሌ ሌላ አሯሯጭ አልፈልግም» በያቸውና ነገሩ ይለቅ።

ስንዱ፦ እጄ ሳሙና ነው።

አዝመራው፦ እኔ እደውልልሻለሁ። ስልኩን ጆሮሽ ላይ እይዝልሻለሁ፤ አንቺ መናገር ብቻ ነው።

ስንዱ፦ አቤት ደግነት! ትናንት አንድ ጄሪካን ውኃ አምጣልኝ ስልህ ወገቤን ያልከው ሰውዬ ነህ?

አዝመራው፦ ነገር አታዙሪ። ዛሬ ስትስቂ ነበር።

ስንዱ፦ መቼ?

አዝመራው፦ ሶምሶማው ላይ። ከወንዶቹ ጋር ከኋላ ሆኜ አይሽ ነበር። ትከሻሽ ይንቀጠቀጣል።

ስንዱ፦ አስነጥሶኝ ነው።

አዝመራው፦ ደጋግሞ?

ስንዱ፦ ብርድ ነበራ! ደግሞስ ብስቅ? ልጁ ላም አይቶ ደንግጦ ቦይ ውስጥ ገባ። ገጠር ተወልዶ ላም ይፈራል፤ ምን ላድርግ፣ ላልቅስለት?

አዝመራው፦ ከእኔ ጋር ስትሮጪ ግን አንድ ቀን ስቀሽ አታውቂም።

ስንዱ፦ በምኑ ልሳቅ? «ክንድሽን ዝቅ! አንገትሽን ቀና! ምን ትጎተቻለሽ!» እያልከኝ ሄደን «ምን ትጎተቻለሽ!» እያልከኝ እንመለሳለን። እሱ አይናገርም። እጁን ሲያነሳ አፈጥናለሁ፣ ሲያወርድ ሶምሶማ እገባለሁ፤ በቃ።

አዝመራው፦ ደረትሽ ላይ ያለው ጭቃ የማን ነው?

ስንዱ፦ የሰንዳፋ ነዋ!

አዝመራው፦ ከማን ተረከዝ የተረጨ ነው ማለቴ ነው።

ስንዱ፦ ኧረ በስመአብ! አንተ ሰውዬ፣ በጭቃም ትቀናለህ?

አዝመራው፦ በጭቃም እቀናለሁ! ስንት ዓመት ሙሉ እዚያ ቲሸርት ላይ ያረፈው ጭቃ የኔ ነበር። ዛሬ የሌላ ሰው ጭቃ ለብሰሽ ስትገቢ እልል ልበል?

ስንዱ፦ ያን ሁሉ ዓመት ጭቃህን ሳጥብስ አንድ ቀን እጅሽን ይባርከው ብለኸኛል?

አዝመራው፦ ቀልጂ። እኔ ልጁን አውቀዋለሁ። ሽቶ ተቀብቶ ነው ልምምድ የሚመጣው። ገና ሳይነጋ ሽቶ! ለማን ብሎ ነው?

ስንዱ፦ ሽቶ አይደለም፣ የጡንቻ ቅባት ነው።

አዝመራው፦ አሸተትሽው ማለት ነዋ!

ስንዱ፦ እግር በእግር እየተከተልኩት አፍንጫዬን የት ጥዬው ልሂድ?

አዝመራው፦ ስንዱ፣ ደውይ። ለብሔራዊ ቡድኑ ምርጫ ጥቂት ሳምንት ብቻ ቀርቶት አሯሯጭ አይቀየርም።

ስንዱ፦ ጥቂት ሳምንት ብቻ ስለቀረው ነዋ የተቀየረው። ዘንድሮ ካልተመረጥኩ ክለቡ እንደሚያሰናብተኝ አንተም ታውቃለህ። ከዚያ ወዲያ ምን ልሆን ነው? ከሩጫ ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም።

አዝመራው፦ እና እኔ አላስመርጥሽም? ፋርትሌክ ምን እንደሆነ ማን አስተማረሽ? ክለብ የገባሽ ሰሞን እኮ ስሙን ስትሰሚ መድኃኒት መስሎሽ ነበር።

ስንዱ፦ አንተ ነህ ያስተማርከኝ። አልካድኩም።

አዝመራው፦ ይሄው!

ስንዱ፦ «ከድልድዩ ተነስተሽ ወፍጮ ቤቱ ድረስ የቻልሽውን ሁሉ አፍጥኚ፤ ከዚያ ሶምሶማ፤ ትንፋሽሽ አልመለስ ሲል ያኔ እንደገና ተነሽ። ፍጥነትም ብርታትም የሚገኘው እዚያች አልችልም የምትይበት ቦታ ላይ ነው» አልከኝ። ቃልህ ነው።

አዝመራው፦ አሁንም ቃሌ ነው።

ስንዱ፦ ታዲያ ወፍጮ ቤቱን የት አደረስከው?

አዝመራው፦ የምን ወፍጮ ቤት?

ስንዱ፦ ዘንድሮ በፍጥነት ወፍጮ ቤቱ ጋ ደርሰን አናውቅም። መጀመሪያ የትምህርት ቤቱ አጥር ጋ እጅህን ማውረድ ጀመርክ። ዝም አልኩ። ቀጥለህ ባህር ዛፎቹ ጋ። ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ ድልድዩን ሳንርቅ እጅህ ዱብ ይላል።

አዝመራው፦ መንገዱ ጭቃ ስለነበረ ነው።

ስንዱ፦ በጥር?

አዝመራው፦ ጉልበትሽ እንዳይጎዳ ብዬ ነው።

ስንዱ፦ የማን ጉልበት?

አዝመራው፦ ...ውኃው ቆሽሿል፣ ልቀይረው።

ስንዱ፦ ተቀመጥ። ዛሬ ውኃ መቅዳት አማረህ? ባለፈው ውድድር ምን እንደሆንኩ ልንገርህ፤ ሰምተኸኝ አታውቅም። መጨረሻው ላይ ሴቶቹ ተፈተለኩ። እኔም አብሬ ተነሳሁ፣ ነበርኩም። ትንሽ እንደሄድን ግን እግሬ በቃኝ አለ። ደክሞኝ አይደለም። የሆነ ሰው እጁን እስኪያወርድለት ነው የሚጠብቀው። የለመደው እሱን ነዋ!

አዝመራው፦ ሆድሽን አሞሽ ነው እኮ...

ስንዱ፦ ሆዷን አሟት ነው ብለህ ለኮች፣ ለእናቴ፣ ለሱቁ ሰውዬ ሳይቀር ያወራኸው አንተ ነህ። እኔ ሆዴን አላልኩም። የሱቁ ሰውዬማ እስከ ዛሬ «ሆድሽ እንዴት ነው?» እያለ ዝንጅብል ይመርቅልኛል።

አዝመራው፦ እያወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?

ስንዱ፦ ምን ብዬ? «አዝመራው፣ እኔን መምራት አቅቶሃል» ብዬ? ማታ በየትኛው ዓይኔ አይሃለሁ?

አዝመራው፦ ይሄ ልጅ ነግሮሽ ነው። እሱ ነው በጆሮሽ የሚያወራብሽ።

ስንዱ፦ ወይ መከራ! ላም የሚፈራ ልጅ ነው እኮ የምልህ! በእውነት በእሱ ነው የምትቀናው?

አዝመራው፦ ብሩሹን አቀብይኝ።

ስንዱ፦ እየጠየቅኩህ ነው።

አዝመራው፦ በእሱ አይደለም። እሱ ማን ሆነና? አፌ ነው እሱን እሱን የሚለው።

ስንዱ፦ ታዲያ በማን?

አዝመራው፦ በአንቺ ነዋ! በእግርሽ ነው የምቀናው፤ ይሄው፣ ደስ ይበልሽ! አንቺ ክለብ ስትገቢ ሰዉ ሁሉ እኔን ነበር የሚያየው። ልጆቹ ከኋላዬ ለመሮጥ ይጋፉ ነበር። አሁን የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ እንኳን «የስንዱ ባል፣ በሩን ክፈት» ነው የሚለኝ። ከኋላዬ ስትሮጪ ትንፋሽሽን እሰማለሁ፤ እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን ነው የሚመስለው። የእኔ ሳንባ ሊፈነዳ ነው፣ አንቺ ምንም አልሆንሽ! ያን ጊዜ እጄን ካላወረድኩ ልታልፊኝ ነው። ካለፍሽኝ ደግሞ ምን ቀረኝ? ከፊትሽ ያለችው ቦታ ብቻ ናት የቀረችኝ።

ስንዱ፦ እና እሷን ይዘህ እኔን አስቀረኸኝ።

አዝመራው፦ አስቀረሁሽ። አውቄ አይደለም አልልም። አውቄ ነው።

ስንዱ፦ ይሄን ከባለፈው ውድድር በፊት ብትለኝ ኖሮ...

አዝመራው፦ አሁን አልኩሽ። ስሚ፣ ለኮች ደውይላቸው። ነገ በንጋት ወፍጮ ቤቱ ድረስ እወስድሻለሁ። ብሞትም እወስድሻለሁ።

ስንዱ፦ ብሞትም የሚል ሰው ተከትዬ አልሮጥም። ሬሳህን ተሻግሬ ነው ምርጫ የምገባው?

አዝመራው፦ ልጁስ ቢያቅተው? እሱም እኮ ሰው ነው። አንድ ቀን ይደክመዋል።

ስንዱ፦ ሲደክመው አልፌው እሄዳለሁ።

አዝመራው፦ እንዲህ በቀላሉ?

ስንዱ፦ በቀላሉ። ዞሬም አላየው። ቢያኮርፍ ቤቱ ሄዶ ያኩርፍ፤ እራቱን የማቀርብለት እኔ አይደለሁም፣ የማባብለው እኔ አይደለሁም።

አዝመራው፦ ኮች ናቸው ጉድ የሠሩኝ። ሲያዩኝ ከርመው፣ ሳይነግሩኝ ቦታዬን...

ስንዱ፦ ኮችን ተዋቸው። እሳቸው ምንም አላዩም። እንደውም «አዝመራው ካልመራት ማን ሊመራት ነው?» ሲሉ ነበር።

አዝመራው፦ ታዲያ ልጁን ማን አመጣው?

ስንዱ፦ አንተ እጅህን ከማውረድህ በፊት ጀርባህ ሲዝል አየዋለሁ፤ አየውና እኔም ሳላስበው ፍጥነቴን እቀንሳለሁ። ስንቴ እለፊው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፣ እግሬ እምቢ አለኝ። ኮች ቢሮ ሄጄ ሌላ ሰው ስጡኝ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ፣ አዝመራው፤ አንተን ጥዬህ መሄድ ስላቃተኝ።