ጎሮ ላይ ስለወደቀው የአውሮፕላን ክዳን

የምስክር ቃል

የምስክሯ ሙሉ ስም፦ ገላኔ ደቻሳ ጉዲሳ
ዕድሜ፦ 41
ሥራ፦ ኦሎምፒያ አካባቢ በሚገኝ መድኃኒት ቤት የፋርማሲ ባለሙያ
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ ቦሌ ክፍለ ከተማ፣ ጎሮ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ታኅሣሥ 16 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ምክትል ኢንስፔክተር ተካልኝ ብዙአየሁ

እኔ ከላይ ስሜ የተጠቀሰው ምስክር የምኖረው ጎሮ፣ ከአባቴ ከአቶ ደቻሳ ጉዲሳ ጋር ነው። ግቢያችን አባቴ ቀድሞ ሲያርሱት ከነበረው መሬት የተረፈን ሲሆን፣ የይዞታ ካርታው ገና በሂደት ላይ ነው። ከኋላ ያሉትን ክፍሎች አከራይተን እንጠቀማለን። ከቦሌ የሚነሱ አውሮፕላኖች በላያችን ስለሚያልፉ ድምፃቸውን ለምደነዋል።

ቅዳሜ ታኅሣሥ 11 ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ እኔ ልብስ እያጠብኩ፣ አባቴ ወንበራቸውን አውጥተው ፀሐይ እየሞቁ ሳለ አንድ አነስተኛ አውሮፕላን አለፈ። ወዲያው የኋላው ክፍል ቆርቆሮ በኃይል ጮኸ፤ አንድ ነገርም ከጣሪያው ላይ ነጥሮ ከአባቴ እግር አጠገብ ወደቀ። እሳቸው ከወንበራቸው አልተነሱም። ደንግጠው ስለነበር ደረታቸውን አሻሸሁላቸው። የወደቀው ትልቅ ትሪ የሚያህል የብረት ክዳን ነው። ነጭ ቀለም የተቀባ ሆኖ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ መስመር ነበረው፤ የብሎን ቀዳዳዎቹም ተቀድደዋል። በስልኬ ፎቶ አንስቼ አዳማ ለሚኖረው ወንድሜ ለቶሌሳ ላክሁለት።

ለማን ማመልከት እንዳለብኝ ገና ሳላውቅ አንድ ሰው የግቢያችንን በር አንኳኳ። በሱፍ ልብሱ ላይ አንጸባራቂ ሰደርያ ደርቧል። አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው መታወቂያ በጀርባው ዞሮ ስለነበር ስሙን ማንበብ አልቻልኩም። የመጣበት መኪና የግል ሰሌዳ ያለው ሲሆን ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቀው ነበር። ግለሰቡም፣ «እህቴ፣ የመንግሥት የበረራ ደህንነት ተቆጣጣሪ ነኝ። ዕቃው እዚህ እንደወደቀ ከሱቁ ሰምቼ ነው» አለኝ። እኔም አስገባሁት።

ከገባ በኋላ ክዳኑን ገልበጥ አድርጎ አየና ወዲያው ማን ማን እንዳየው ጠየቀኝ። ቀጥሎ ፎቶ ያነሳ ሰው እንዳለ ጠየቀ፤ እኔ ማንሳቴን ነገርኩት። አባቴ፣ «ልጄ፣ የወደቀበትን ቦታ አታየውም? ጣሪያውንስ?» ሲሉት፣ «አያስፈልግም አባባ» አላቸው። ስልኬን እንዳወጣ አድርጎ ፎቶውን ዓይኑ እያየ አስጠፋኝ፤ ከጠፉት ፎቶዎች ማከማቻም ጭምር እንዳጠፋ አዘዘኝ። ለወንድሜ መላኬን አልነገርኩትም። በዚያን ሰዓት ለምን እንደደበቅሁት ብጠየቅ፣ ነገረ ሥራው ስላላማረኝ ነው የምለው።

ክዳኑን በአንሶላ ጠቅልሎ ሊወጣ ሲል የተረከበበትን እንዲፈርምልኝ ጠየቅሁት። ግለሰቡ ወደ ኋላ ክፍሎቻችን ዞሮ አየና፣ «ካርታችሁ ገና አልወጣም አይደል? ቤታችሁ በአውሮፕላን መነሻ መስመር ሥር ነው። እኔ አንድ ቃል ብጽፍ ነገ ምን እንደሚመጣ ታውቂያለሽ?» አለኝ። የግቢውን በር ከፈትኩለት። ይዞ ሄደ።

መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ አባቴ፣ «ይህ ሰው የመጣው ያየ ሰው ፍለጋ ነው» አሉኝ። ሁለታችንም ሰውየው ሐሰተኛ ተቆጣጣሪ ነው ብለን አሰብን። ሆኖም ካርታችን አለመውጣቱን እንዴት ሊያውቅ እንደቻለ ስላስጨነቀን ማንን ማመን እንዳለብን ግራ ገባን። አባቴም፣ «መሬቱ በሙሉ ሄዶ የቀረችን ይቺ ግቢ ናት። ለእሷ ስትይ ዝም በይ» ብለው መከሩኝ፤ እኔም እሺ አልኳቸው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግቢ ውስጥ እንዳለን ሰማያዊ መስመር ያለው አነስተኛ አውሮፕላን በላያችን አለፈ። ያው ራሱ ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም። አባቴ ግን ወንበራቸውን አንስተው ወደ ቤት ገቡ። ምሳም አልበሉም። ከቆዩ በኋላ ጠርተውኝ፣ «እኔ ወንበሬን ይዤ ገባሁ። እላይ ያሉት የት ይገባሉ? ነገ ሂጂና ተናገሪ» አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ በረራን ወደሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ቅዳሜ የመጣው ሰው እዚያ ዘመድ ይኖረው ይሆናል በሚል ጥርጣሬ ለጥበቃውም ሆነ ለእንግዳ ተቀባይዋ ጉዳዬን ከመናገር ተቆጠብኩ። ተቆጣጣሪ ባለሙያ ብቻ እንዲያነጋግረኝ ስለወተወትኩ ወ/ሮ ሰምሃል የተባሉ የአውሮፕላን ቴክኒክ ተቆጣጣሪ ወጥተው ወደ ቢሯቸው አስገቡኝ። አስቀድሜ መታወቂያቸውን እንዲያሳዩኝ ጠየቅሁ። ቅር ሳይላቸው ከአንገታቸው አውልቀው በእጄ ሰጡኝ። ነገሩን ስጀምርላቸው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው፣ «የት ላይ ወደቀ? ሰው ጎድቷል?» የሚል ነበር። ያን ጊዜ አመንኳቸው።

ወንድሜ ፎቶውን መልሶ ላከልኝና አሳየኋቸው። ወ/ሮ ሰምሃል ክዳኑ በኪራይ ሰው የሚያጓጉዝ የአንድ የግል ቻርተር ድርጅት አውሮፕላን የሞተር መሸፈኛ መሆኑን ተናግረው ስልክ መደወል ጀመሩ። አውሮፕላኑ በዚያው ሰዓት ቦሌ ላይ ሰው እየጫነ መሆኑ ሲነገራቸው ስልኩን ሳይዘጉ እየሮጡ ወጡ። እኔ ቢሮው ውስጥ ቀረሁ። ከደጅ የእግር ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ያ ሰውዬ የመጣ እየመሰለኝ በሩን በዓይኔ እጠብቅ ነበር።

ከቀትር በኋላ ወ/ሮ ሰምሃል እጃቸው ዘይት ነክቶት ተመለሱ። አውሮፕላኑን እንዳስቆሙት፣ ተሳፋሪዎቹ ወርደው ከመካከላቸው አንዱ፣ «ለአንድ ቆርቆሮ ብላችሁ ሠርግ ታስቀሩኛላችሁ?» እያለ እንደተቆጣቸው ነገሩኝ። በክዳኑ ቦታ ሌላ ተገጥሞ ነበር። እሱን ሲያስከፍቱ ግን ከሥሩ ያለው የነዳጅ ቱቦ ከብረት ጋር እየተፋተገ ሊቀደድ ደርሶ አገኙት። ይህን ከእሳቸው የሰማሁት እንጂ በዓይኔ ያየሁት አይደለም። እንባዬን መቆጣጠር ስላልቻልኩ ውኃ ሰጡኝ። ከዚያም ወደ ፖሊስ ያመጡኝ እሳቸው ናቸው።

ማክሰኞ ሥራ ላይ እያለሁ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። ድምፁ የወንድ ነው። «አባትሽ ደህና ናቸው? አሁንም ደጅ ይቀመጣሉ?» ብሎ ዘጋው። የቅዳሜው ሰው ድምፅ ነው ለማለት አልችልም። ቁጥሩን ለመርማሪው አስረክቤያለሁ።

ትናንት ረቡዕ ፖሊስ ጣቢያ ተጠርቼ ሰውየው ከሌሎች ሰዎች ጋር ተሰልፎ ሳየው ያለጥርጥር ለይቼዋለሁ። በዚሁ ጊዜ መርማሪው ስሙ ይትባረክ መሆኑንና አንገቱ ላይ የነበረው መታወቂያ እውነተኛ እንደሆነ ነገረኝ። ግለሰቡ በእርግጥም የመንግሥት ተቆጣጣሪ ነው። አውሮፕላኑ ባለፈው ሳምንት ተመርምሮ ለበረራ ብቁ ነው ብሎ የፈረመው እሱ ሲሆን፣ አውሮፕላኑ ወደቆመበት ጋራዥ ዝር አለማለቱን እስካሁን በተደረገው ምርመራ መታወቁን ሰማሁ። ክዳኑ ሲወድቅ ድርጅቱ መጀመሪያ የደወለው ለእሱ ነው። ሐሰተኛ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሐሰተኛ አንድ ሰው ነው ብዬ ቤቴ እገባ ነበር። አሁን ግን በላያችን የሚያልፈውን ሁሉ ማን እንዳየው፣ ማን ሳያይ እንደፈረመበት እያሰብኩ ሌሊቱን አልተኛሁም።

ከሰልፉ ሲያስወጡት ኮሪደሩ ላይ ተገናኘን። ቆም ብሎ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ አውሮፕላኑ እኮ ምንም አልሆነም። በምን ጥፋቴ ነው እንዲህ የምታሳድጅኝ?» አለኝ።

እኔም፣ «ምንም ያልሆነው ሰኞ ስላልተነሳ ነው» አልኩት።

መርማሪው አድራሻዬ እንዳይገለጽ መጠየቅ እንደምችል አስረድቶኛል። ሰውየው ቤቴን ስለሚያውቀው መደበቁ እንደማይጠቅመኝ ገልጬ እንዳለ እንዲጻፍ አድርጌያለሁ። በዚህ ቃል ያየሁትን እንዳየሁ፣ የሰማሁትን ደግሞ ከማን እንደሰማሁ ለይቼ ተናግሬያለሁ። የጨመርኩትም ሆነ ያስቀረሁት የለም። ጽሑፉ ተነቦልኝ የራሴ ቃል መሆኑን አረጋግጬ፣ ፍርድ ቤት ብጠራም ይህንኑ እንደምደግም አውቄ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ገላኔ ደቻሳ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ም/ኢ/ር ተካልኝ ብዙአየሁ