አዲሱ ትራስ

ልቧን ቀዶ ጥገና አድርጋ የተመለሰችው ልጄ «ተጋድሜ መተንፈስ ከበደኝ» ስላለችኝ፣ ከቆቦ ገበያ ሌላ ትራስ ገዝቼላት የሮቢት ታክሲ ተሳፈርኩ። ከፊቴ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«የእህትሽ ልጅ ልቡን ከተቀደደ ወዲህ እንዴት ነው?»

«ፊቱ ሞላ፣ እግሩ ወፈረ። ማሻአላህ ተባብለን አጥሚት ስንግተው ከረምን።»

«እሰይ።»

«ምን እሰይ አለው፣ እብጠት ነው ለካ። መጋደም አቃተው፤ ትራስ በትራስ ላይ ደርድረንለት ተቀምጦ ያነጋ ነበር።»

«ምን ሆኖ ነው?»

«ልቡ ዙሪያ ውሃ ተጠራቅሞ እያፈነው። በመርፌ ቀዱለት።»

«ከዳነ በኋላ?»

«የመዳኑን ሰደቃ ካወጣን በኋላ። ሐኪሙ ‹ዛሬን ቤት ቢያድር ኖሮ አታገኙትም ነበር› አለን።»

«ያ አላህ።»

ትራሱን ከጭኔ አውርጄ እግሬ ሥር አስቀመጥኩትና ሮቢት እስክንደርስ ዓይኔን ከመንገዱ አልነቀልኩም።