ዓለምን የሚያነሣ ክንድ

ላሊበላ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ፣ በከዋክብት መሃል የምትበር ጥቁር ጀግና ሴት እየሳልኩ ነበር። ለግንባታ ድንጋይ የሚያመላልሱ አንዲት እናት ሸክማቸውን አውርደው ቆሙና፣ «ልጄ፣ ይቺ ማን ናት?» አሉኝ። «ከሚመጣው ዘመን የመጣች፣ ዓለምን የምታድን ናት» አልኳቸው ኮራ ብዬ። ጠጋ ብለው አዩዋት። «በዚህ ክንድ? ይሄ እንኳን ዓለምን ጀሪካንም አያነሣ» አሉና እጅጌያቸውን ሰብስበው የራሳቸውን አሳዩኝ።

ጅማቱ እንደ ገመድ ነው። ልቤ በደስታ ዘለለ። እንዲቆሙልኝ ለምኜ፣ የጀግናዋን ክንድ አጥፍቼ የእሳቸውን እያየሁ እንደገና ሳልኩት። ስጨርስ ራቅ ብለው መረመሩት። «ክንዷስ ሆነ። ዕድሜ ግን ጨምሪላት፤ ይህን ሁሉ ሥራ በልጅ ላይ አይጥሉም» አሉኝ። እየሳቅሁ፣ «እንግዲያው አይሂዱብኝ እናቴ፣ ፊትዎንም እፈልገዋለሁ» አልኳቸው።