እሳቸው መኪና ሰረቁ

የሽማግሌ ስም ስለማነሳ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ አንድ ምግብ ቤት ሦስታችን ቁጭ ብለን፣ የእህቴ ልጅ የደስታ ትወና ያለበትን ተከታታይ ፊልም ለጋሼ ወርቁ እየተረጎምኩ ነበር። የደስታ ገጸ ባሕርይ በሩ ላይ ብቅ ሲል፣ «ገባ ልበል ገባች?» ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅኩ። «ሁለቱም አይደለሁም፤ ፊልሙ ላይም፣ እዚህም። ዛሬ ጋሼ ፊት ከተሳሳትክ ተነስቼ እሄዳለሁ» አለኝ ያ የእህቴ ልጅ አፍ። አማርኛችን ደግሞ ወንድ ወይም ሴት ሳያደርግ ሰው አያስገባም። ድንገት አንቱታ ትዝ አለኝና፣ «እሳቸው ገቡ!» አልኩ።

ጋሼ ዓይናቸውን ከትሪው ሳያነሱ ብድግ አሉ። «ጳጳስ መጡ?»

«ኧረ ፊልሙ ላይ ነው፣ ጋሼ። አሁን ደግሞ እሳቸው መኪና ሰረቁ።»

«ሌባ አንቱ የተባለው ከመቼ ወዲህ ነው?»

እንደ ሊቅ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ወንድም ሴትም ያልሆነ እንደ ደስታ ያለ ሰው አንቱ እንደሚባል አስረዳሁ። ጋሼ ወደ ደስታ ዞር አሉ።

«ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። እዚህ አገር ከገባሁ ወዲህ የልጅ ልጆቼ ሳይቀሩ አንተ ነው የሚሉኝ። እንግዲህ እኔም እንደ እሳቸው ነኝ። አንቱ ለመባል የት ነው የሚፈረመው?»

ደስታ ሳቁ። «ፊርማ የለውም፣ ጋሼ። ይብሉ፣ አንቱ።»

«እርስዎ ይቅደሙ» ብለው ጋሼ አጎረሷቸው። ደስታ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ሚጥሚጣው ነው አሉ።

አደራ፣ ይህ ነገር የጋሼ ባለቤት እትዬ አልማዝ ጆሮ እንዳይደርስ። አምስት ልጅ የወለዱት ከወንድ መስሏቸው ነው።