ሰማይ የደፈረ፣ ሬዲዮ የፈራ

የሰውን ፍርሃት ከድፍረቱ ተነስቶ መገመት አይቻልም። አውሬ ፊት ለፊት የገጠመ ጀግና አይጥ ሲያይ ወንበር ላይ ሲወጣ የታየበት ጊዜ አለ። የዚህ ታሪክ ባለቤት የሆኑት ካፒቴንም እንዲሁ ነበሩ። ፀጉራቸው እስኪሸብት አውሮፕላን ያበረሩ፣ ማዕበል ክንፋቸውን እንደ ወንፊት ሲያንገዋልለው ፊታቸው ያልተለወጠ ሰው ናቸው። የሬዲዮዋን ቁልፍ ተጭኖ ከቁጥጥር ማማው ጋር መነጋገር ግን ላብ በላብ ያደርጋቸዋል።

ይህን ጉዳቸውን ለብዙ ዘመን ማንም አላወቀባቸውም። ጎናቸው የሚቀመጥ አፈ ቀላጤ ረዳት አብራሪ ስለነበራቸው፣ እሱ ይናገራል፣ እሳቸው ያበርራሉ። ችግሩ የመጣው መሥሪያ ቤቱ ረዳቱን አሳድጎ ወደ ትልቅ አውሮፕላን ሲያዛውረው፣ እሳቸውን ደግሞ ፖስታና መድኃኒት በምታመላልስ፣ አንድ አብራሪ ብቻ በምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን ላይ ሲመድባቸው ነው። እጅና እግራቸው እንደነበሩ ናቸው፤ ምላሳቸው ግን ተሹሞ ሄደ።

ጥቂት ሳምንት እንደምንም ከታገሉ በኋላ ቆረጡ። «ጉልበቴን እያመመኝ ነው፤ ጡረታ ልውጣ» ብለው ለአለቃቸው ሊነግሩ አንድ ቀን ጠዋት ከቤታቸው ወጡ። ጉልበታቸው የብረት ምሰሶ እንደነበር ለአንባቢ መደበቅ አያስፈልግም።

ከሚኖሩበት ፎቅ ለመውረድ ሊፍት ውስጥ ሲገቡ፣ በቅርቡ ወደ ሕንፃው የገባች አንዲት ወጣት ቀድማ ቆማለች። ከዚያ በፊት ተያይተው አያውቁም። በአንገት ሰላምታ ተሰጣጡ። ሊፍቱ ጥቂት እንደወረደ ግን ተንገጫገጨ፤ አቃሰተ፤ ቀጥ አለ።

ግድግዳው ላይ ቀይ ቁልፍ አለ፤ ሲጫኑት ከሕንፃው ጥበቃ ጋር ያነጋግራል። ቁልፉ ከካፒቴኑ ክርን አጠገብ ነው።

«አባባ፣ ይጫኑትና ይንገሯቸው እንጂ» አለች ወጣቷ።

ካፒቴኑ ጣታቸውን ዘረጉ። ተጫኑ። «እህህም» ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አቤት! ማን ልበል?» አለ ከውስጥ አንድ ወፍራም ድምፅ።

«እህህህም» አሉ ካፒቴኑ፣ አሁን ረዘም አድርገው።

«ማነው የሚያስለው? ታመው ከሆነ ሐኪም ቤቱ ማዶ ነው!»

ወጣቷ ካፒቴኑን ትኩር ብላ አየቻቸው። ከዚያም ጠጋ ብላ ቁልፉን ተጫነች፤ ትንሽ ጠበቀች፤ እንዲህም አለች፦ «ጥበቃ፣ በግራው ሊፍት ውስጥ ያለን ሰዎች ነን። በአራተኛውና በአምስተኛው ፎቅ መካከል ቆመናል። ሁለት ነን፤ ደህና ነን። ሠራተኛ ይላኩልን።»

«የግራው ሊፍት፣ አራተኛና አምስተኛ መካከል፣ ሁለት ሰው። እየመጡ ነው።»

የካፒቴኑ ፊት አመድ መሰለ። ይህን ድምፅ በየጠዋቱ በጆሮ ማዳመጫቸው ይሰሙታል! ከእንቅልፋቸው የሚያባንናቸው እሱ ነው።

«አንቺ… ማማዋ ነሽ!» አሉ።

«እርስዎ ደግሞ… ጉሮሮ!» አለችና አፏን በእጇ ከደነች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ! ማማ ላይ ስምዎን ሳናውቅ እንዲያ ብለን ነው የምንጠራዎ። ሬዲዮው ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ጉሮሮዎ ነው፤ ንግግሩ አንዳንዴ ይከተላል፣ አንዳንዴ ይቀራል።»

ካፒቴኑ በበሩ ቢወጡ ደስ ባላቸው፤ በሩ ግን አይከፈትም። ሰውን ለምክር እንደ ቆመ ሊፍት የሚያመቻች ቦታ የለም፤ ተቆጥቶ መሄድ አይቻልምና።

«ልጄ» አሉ ክብራቸውን ሰብስበው፣ «እኛ በዝምታ ነው ያደግነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል።»

«እውነት ነው፣ ዝም አይነቅዝም። አውሮፕላን ግን ይጋጫል፣ አባባ።»

«ካፍ ከወጣ አፋፍ! እዚያ የሬዲዮ ሞገድ ላይ እኮ ከማማው ጋር ብቻ አይደለም የምናወራው። አብራሪ ሁሉ ይሰማል። ከነሱ ግማሾቹን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። አንድ ቃል ብሳሳት አመሻሽ ላይ መሳቂያ ነኝ።»

«ሌላው አብራሪ በዚያ ሰዓት ምን እያሰበ ይመስልዎታል?»

«ምን ያስባል? እኔን ነዋ የሚያዳምጠው።»

«የራሱን ተራ እያሰበ ነው። ‹አሁን እኔ ምን እላለሁ› እያለ። ሁሉም በየራሱ ፍርሃት ተጠምዶ የእርስዎን ስህተት የሚሰማበት ጆሮ የለውም።»

ካፒቴኑ ይህን ከዚህ በፊት አስበውት አያውቁም። ቢሆንም ሽማግሌ በአንድ ነጥብ አይሸነፍም። «አንቺስ ብትሆኚ» አሉ፣ «ስትናገሪ ጅራፍ ነሽ። ቃልሽ ሳይገባኝ ያልፋል። ታዲያ ደግሜ ብጠይቅሽ ‹ይህ ሽማግሌ ጆሮው አርጅቷል› አትዪም?»

«የምፈጥነው ተቆጥቼ አይደለም። ሌሎች አውሮፕላኖች ወረፋ ይዘው እየጠበቁኝ ነው። የሚያናድደኝ የሚጠይቀኝ አብራሪ አይደለም፤ ሳይገባው ‹ገባኝ› የሚለኝ ነው።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ባለፈው ሳምንት ‹ወደ ቀኝ ይዙሩ› ስልዎ ‹ገባኝ› ብለው ወደ ግራ ዞሩ።»

«ንፋስ ገፍቶኝ ነው።»

«ንፋስ ነበር፣ አባባ?»

ካፒቴኑ ጫማቸውን አዩ። «አልነበረም» አሉ።

«በግራ በኩል አንድ ተማሪ ከአሠልጣኙ ጋር እየበረረ ነበር። እኔ ተማሪውን ቶሎ ባላዞረው ኖሮ… ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።»

ካፒቴኑ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ፍርሃታቸው የግላቸው ንብረት ይመስላቸው ነበር፤ ማንንም የማይነካ፣ በኪስ ተይዞ የሚዞር ነገር። አሁን ግን ያ ተማሪ እናት እንዳለው ታሰባቸው። «ጡረታ ልወጣ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ዛሬ ልነግራቸው ነበር የወጣሁት። ጉልበቴን አመመኝ ብዬ።»

«ያምዎታል?»

«የሚያመኝስ ምላሴን ነው።»

ወጣቷ ሳቀች፤ እሳቸውም ሳይወዱ ሳቁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለች። «የእርስዎ መድኃኒት ደግሞ ቀላል ነው። ቁልፉን ከመጫንዎ በፊት ያዳምጡ፤ ሌላ ሰው እያወራ እንዳይገቡበት። ቀጥሎ የሚሉትን በልብዎ ይበሉት። ከዚያ ማንን እንደሚጠሩ፣ ማን እንደሆኑ፣ የት እንዳሉና ምን እንደሚፈልጉ ይናገሩ። ከዚያ በላይ አንድም ቃል የለም። የነገርንዎትን መልሰው ይንገሩን። ካልገባዎ ‹ይድገሙልኝ› ይበሉ። እጅዎ ሥራ ላይ ከሆነ ‹ይጠብቁኝ› ይበሉ። መጀመሪያ ማብረር፣ ከዚያ መነጋገር ነው።»

«በቃ?»

«በቃ። ደግሞ ነገ ማማው ላይ ይምጡና ይዩን። የሚያውቁትን ሰው መፍራት ከባድ ነው።»

በዚህ ጊዜ በሩ ተፈልቅቆ የሠራተኛው ፊት ከላይ ብቅ አለ። ካፒቴኑ ተንጠላጥለው እንደ ጎረምሳ ሲወጡ ጉልበታቸው ምንም አላላቸውም። ወደ አለቃቸው ቢሮ የሚወስደውን መንገድም ያን ቀን አልያዙም።

በማግስቱ የማማውን ደረጃ ወጡ። ዳኞች የተሰየሙበት ችሎት ነበር በሐሳባቸው የሳሉት። ያገኙት ግን አንዱ ጫማውን አውልቆ ካልሲው የተቀደደ፣ አንዷ ዳቦ እየገመጠች መነጽሯን የምትፈልግ፣ ተራ ሰዎችን ነው። አብራሪዎች ‹ነጎድጓድ› የሚሉት፣ ድምፁ ብቻ መስኮት የሚያርገበግብ ተቆጣጣሪ ደግሞ ትከሻው የጠበበ ቀጭን ሰው ሆኖ ተገኘ። እሱም ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የሚለውን ያጠናል።

«አንተም ታጠናለህ እንዴ?» አሉት ካፒቴኑ ተገርመው።

«ታዲያስ! ከኔ አፍ የሚወጣው ስንት ሰው ላይ እንደሚያርፍ ያውቃሉ?» አላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ካፒቴኑ ልምምድ ያዙ። መኪናቸው ውስጥ መስኮት ከፍተው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው። አንድ ጊዜ የትራፊክ መብራት አስቁሟቸው ሳለ የአውሮፕላናቸውን መጠሪያ ይዘው «ማማ፣ ፖስታ ሰባት ነኝ፤ ከሐይቁ በላይ ነኝ፤ ለማረፍ ፈቃድ እጠይቃለሁ!» ሲሉ አጠገባቸው የቆመ የታክሲ ነጂ አንገቱን አውጥቶ «አባባ፣ እኔ ፈቅጃለሁ፤ መብራቱ ግን ገና ቀይ ነው!» አላቸው። ካፒቴኑ ሳይደነግጡ «መብራቱ ቀይ ነው፤ እጠብቃለሁ» ብለው መለሱለት። ሕዝብ ፊት አፍረው ሳይሞቱ የቀሩበት የመጀመሪያ ቀን ይህ ነው።

እውነተኛው ፈተና የመጣው ግን አንድ ጭጋጋማ ጠዋት ነው። ካፒቴኑ መድኃኒት ጭነው ወደ ማረፊያው ሲቃረቡ ከታች ያለው መሬት ሁሉ ነጭ ሆኖ ጠበቃቸው። ሞገዱ ላይ አብራሪው ሁሉ ይንጫጫል። ነጎድጓድ ተረኛ ነው።

«ፖስታ ሰባት፣ ወደ ምሥራቅ…» ብሎ ጀመረና የቀረው እንደ በረዶ ዝናብ ወረደባቸው። ካፒቴኑ ግማሹን ሰሙ፤ ግማሹ አመለጣቸው። ያ የቆየ ‹ገባኝ› ጥርሳቸው ድረስ መጥቶ ቆመ። መዋጡ ድንጋይ እንደ መዋጥ ነበር፤ ዋጡት።

«ማማ፣ ፖስታ ሰባት ነኝ። አልገባኝም። ቀስ ብለው ይድገሙልኝ።»

ሞገዱ ጸጥ አለ። ካፒቴኑ ያቺን ጸጥታ የሳቅ ዋዜማ አድርገው ጠበቋት። ሳቅ ግን አልመጣም። «ፖስታ ሰባት» አለ ነጎድጓድ ቀስ ብሎ፣ «ወደ ምሥ… ይቆዩ። ስህተት ነው። ወደ ምዕራብ ይዙሩ። እደግመዋለሁ፣ ወደ ምዕራብ።»

«ወደ ምዕራብ እዞራለሁ፣ ፖስታ ሰባት» አሉ ካፒቴኑ። በምሥራቅ በኩል ያለው ኮረብታ በጭጋግ ተሸፍኖ እንደነበር ሁለቱም ያውቃሉ። ወዲያው ከሞገዱ አንድ ቀጭን የወጣት ድምፅ ተሰማ፦ «ማማ፣ ይቅርታ… ለእኔም ይድገሙልኝ።» ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ሌላ። ያን ጠዋት ነጎድጓድ ከቃል ወደ ቃል እየተራመደ ሁሉንም በሰላም አሳረፈ። ካፒቴኑ ሲወርዱ ከማማው ደረጃ ሥር ቆሞ ጠበቃቸውና እጃቸውን ጨበጠ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ጥቅም ግልጽ ነው። የማያውቀውን አላውቅም ያለ ሰው የሚከፍለው ለአፍታ ፊት የምታቃጥል እፍረት ብቻ ነው፤ የሚያተርፈው ግን የራሱንና የሌላውን ሕይወት ነው። ጠያቂ ራሱን ብቻ አያድንም፤ ተጠያቂውንም ከስህተቱ ያድነዋል፤ ዝም ብለው ለተጨነቁትም አፍ ይሆናቸዋል። ባለሥልጣን ከምንለው ድምፅ ጀርባም የተቀደደ ካልሲ ያደረገ ሰው አለ፤ ሥራው እኛን ማሳፈር ሳይሆን እኛን ማሳረፍ ነው። አጭርና ግልጽ ንግግር ከረጅም ትሕትና ይበልጣል። ይህን ካፒቴኑ አሁን ለአዳዲስ አብራሪዎች ራሳቸው ያስተምራሉ፤ የቀድሞ ቅጽል ስማቸውንም ሳይደብቁ ይነግሯቸዋል።

ለውጡ ከአየር ወደ ምድር መውረዱን መጀመሪያ ያወቁት ባለቤታቸው ናቸው። አንድ ማታ ካፒቴኑ ጋዜጣ ሲያነቡ ባለቤታቸው ከማድ ቤት አንድ ነገር ተናገሩ። ካፒቴኑ እንደ ትዳር ልማዳቸው «እሺ፣ ገባኝ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ጋዜጣውን አስቀምጠው ተነሱ።

«አልገባኝም» አሉ። «ድገሚልኝ።»

ባለቤታቸው ጭልፋቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ብቅ አሉ። «አመመህ እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ዝም ብዬ ነው ‹ገባኝ› ስልሽ የኖርኩት። ብዙው አልገባኝም ነበር።»

ሴትዮዋ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ባላቸውን ከላይ እስከ ታች አዩና «እንግዲያስ» አሉ፣ «ከተጋባን ጀምሮ ያልኩህን ሁሉ ልድገምልህ?»

ካፒቴኑ ትንሽ አሰቡ። ከዚያም ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ።

«ሁሉንም» አሉ። «ቀስ ብለሽ።»