የአምባሳደሩ ጥፋት

ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ አንድ የምዕራብ አፍሪካ አገር ሚኒስትር አምባሳደር ሆኖ መሾሙን ሬዲዮ ተናገረ። ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ አጠገባቸው ያለውን ባለ ክራቫት ጠየቁት።

«ምን አጥፍቶ ነው?»

«ሹመት እኮ ነው፣ አባባ።»

«ከፕሬዚዳንቱ ተጣልቶ ይሆናል።»

«ኧረ እድገት ነው።»

«የላኩት ሩቅ ነው?»

«ባሕር ማዶ ነው።»

«እንግዲያ ክፉኛ ተጣልተዋል።»

ሰውየው ክራቫቱን ላላ አደረገ።

«አንተስ ልጄ፣ ወግዲ ምን ልትሠራ ነው?»

«ኃላፊ ሆኜ ተሹሜ ነው።»

«ግምገማ ላይ ተናግረህ ነበር?»

«ትንሽ።»

«አብሽር፣ ወግዲ እንኳ ቅርብ ነው።»

ከመነኸሪያ ጀምሮ እግሬን ያሳረፍኩበት ጥቅል ፍራሽ የአዲሱ ኃላፊ እንደሆነ ገባኝና እግሬን ቀስ ብዬ አነሳሁ።