የአሞስ ኩራትና የታምሲን ወረቀት

የሣር ጣሪያ ከዳኙ አሞስ ትርልቢ መሰላሉን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ከጎረቤቱ ከባልቴቷ ኬዚያ ዶብስ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። በእጇ የያዘችውን የታተመ ወረቀት ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

ወረቀቱን ያሳተሙት ቄሱ ናቸው። የአሞስ ልጅ ታምሲን ኩፍኝ ዓይኗን ያጠፋባት የስምንት ዓመት ድሃ ልጅ መሆኗን ይናገራል። የከተማው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የሚቀበለው፣ ገንዘብ የሚያዋጡለት ባለጠጎች እንዲህ ያለውን ወረቀት አይተው ድምፅ የሰጡትን ልጅ ብቻ ነው።

«እርስዎም ያዙት፣ እትዬ ኬዚያ?»

«ያዝኩት እንጂ! ልብስ የማጥብላቸውን ስድስት እመቤቶች ድምፅ እንዲሰጧት ለምኛለሁ። እስከ ነገ አንተ የፈቃድ ምልክትህን ካላኖርክበት ግን ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ።»

«አላኖርም። የአሞስ ልጅ ድሃ ተብላ በየሳሎኑ ትዙር? አባቴ ከሰበካው የድሆች እርዳታ አንዲት ዳቦ ሳይቀበል ነው የሞተው።»

«አባትህማ ኩራቱን በላ፤ ጦማችሁን ያደራችሁት እናንተ ናችሁ!»

አሞስ ሳቁ መጣበት፤ ዋጥ አደረገው። «ታምሲን ምን ጎደለባት? እናቷ ታጎርሳታለች፣ እኔ እሸከማታለሁ።»

«እናንተ ስታልፉስ? ያኔ የድሆች መጠለያ ነው የሚጠብቃት። አንተ ዕድሜህን ሙሉ የሸሸኸውን ለልጅህ ልታወርሳት ነው?»

ይህ አጥንቱ ድረስ ዘለቀ። ባልቴቷ ግን በዚህ አላበቃችም።

«ነፋስ ጣሪያዬን የገነጠለ ጊዜ በነጻ የከደንክልኝ አንተ አይደለህም? ውለታ አልፈልግም ብዬ ስከራከር ምን አልከኝ?»

አሞስ አንገቱን ደፋ። «በረከቴን አይከልክሉኝ አልኩዎ።»

«ታዲያ የሌላውን ሰው በረከት ለምን ትከለክላለህ? መስጠቱ ላንተ ክብር፣ መቀበሉ ለኔ ብቻ ነው እንዴ? ትዕቢት ነው ልጄ!»

እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን እንዲህ ነን። ለመስጠት እንሽቀዳደማለን፤ ሰው ሲሰጠን ግን የተሰደብን ይመስለናል። የሚጎዳው ደግሞ ልጃችን ነው።

አሞስ መሰላሉን አወረደ፤ ወረቀቱን በላዩ ዘርግቶ በኬዚያ እርሳስ የመስቀል ምልክት አኖረበት። ወረቀቱም በየሳሎኑ ዞረ፤ ድምፁ ሞልቶ ታምሲን ትምህርት ቤቱ ገባች።

በሁለተኛው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ታምሲን ለዕረፍት መጣች። ፀጉሯን ራሷ ታበጥራለች፣ ቅርጫት ትሠራለች። ከሁሉ የሚገርመው ግን ሌላ ነው፤ ፊደላቱ ከገጹ ጎልተው የወጡበትን ትልቅ መጽሐፍ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በጣቶቿ መዝሙረ ዳዊት አነበበች። እናትና አባቷ ፊደል አይለዩም፤ በዚያ ቤት የመጀመሪያዋ አንባቢ እሷ ሆነች። አሞስ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ድምፅ የሰጧትን የማያውቃቸውን ሰዎች ሁሉ መረቀ።

በሳምንቱ ኮፍያውን አውልቆ የመንደሩን ባለጠጋ እመቤት ደጅ አንኳኳ፤ በእጁ አዲስ ወረቀት ይዟል።

እመቤቲቱ ወጥተው፣ «ደግሞ ለልጅህ ነው?» አሉት።

«የኔዋማ ደርሶላታል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይቺ የማላውቀው ሰው ልጅ ናት» አለ።